ባዶ ሲሆን የሚፈተን ዕቃ

ስለ ትንሹ የኦክ በርሜል አያያዝና ስለ ጋን ትምህርት የቀረበ ሂስ

ግሪካዊው ፈላስፋ ዲዮጋን በበርሜል ውስጥ ይኖር ነበር የሚለው ወሬ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖሯል። አንዳንድ ሠዓሊዎችም በሳንቃ ተገጣጥሞ በብረት ቀለበት በታሰረ በርሜል ውስጥ አስቀምጠው ሥለውታል። የግሪኩ ቃል ግን «ፒቶስ» ነው። ፒቶስ ወይን፥ ዘይትና እህል የሚከተትበት ትልቅ የሸክላ ዕቃ ሲሆን አማርኛ ይህንኑ ያለ ብዙ ድካም ጋን ይለዋል። እንግዲህ ዲዮጋን የጋን እንጂ የበርሜል ነዋሪ አልነበረም። ስሕተቱን የሠሩት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ «የወይን ዕቃ» ሲባል በዓይነ ሕሊናቸው የሚመጣው በርሜል ብቻ ስለ ነበረ ነው። በ1ኛው ምእተ ዓመት የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ያሉ ሰዎች ወይናቸውን በቀለበት በታሰሩ የእንጨት ዕቃዎች እንደሚያስቀምጡ እንደ እንግዳ ነገር አድርጎ ጽፎ ነበር። ከጊዜ በኋላ እንግዳው ነገር ባለቤት ሆነ፤ ሸክላው ተረሳ።

ይህ የእንጨት ዕቃ ዛሬ መጠኑ አንሶ ወደ መኖሪያ ቤቶች ገብቷል። በቦርዶ የተለመደው በርሜል 225 ሊትር፥ በቡርጎኝ የተለመደው 228 ሊትር ይይዛል። በሃንጋሪ የቶካይ ወይን አምራቾች በጎንጽ ከተማ ስም የሚጠሩት በርሜል ደግሞ 136 ሊትር ገደማ ነው። ለቤት ወይን ሠሪ የሚቀርቡት ግን 5፥ 10፥ 20 ወይም 30 ሊትር የሚይዙ፥ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣቸው የሚችላቸው ናቸው። ብዙውን ጊዜም የስጦታ ዕቃ ሆነው፥ የተቀባዩ ስም በእሳት ተተኩሶባቸው ይሸጣሉ። ከመደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ ያምራሉ። ሆኖም ስለዚህ ዕቃ የሚነገረውና የሚጻፈው ሁሉ ስለ መሙላቱና ስለ መቅዳቱ ሲያበዛ፥ ባዶ ስለሚሆንበት ጊዜ ግን ጥቂት ብቻ ይናገራል። የትንሹ በርሜል እውነተኛ ጠባይ የሚገለጠው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ በመሆኑ፥ ሂሱም ከዚያ ሊጀምር ይገባል።

ትንሽነት የሚያስከፍለው

ስለ ትንሽ በርሜል በብዛት የሚሰማው ውዳሴ «ወይንን ቶሎ ያስረጃል» የሚል ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሐሰት ይልቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። ነገሩ የስሌት ጉዳይ ነው። የ225 ሊትሩ በርሜል ቁመትና ወርድ በግማሽ ቢቀነስ የሚይዘው መጠን ወደ አንድ ስምንተኛ፥ ማለትም ወደ 28 ሊትር ይወርዳል። ወይኑን የሚነካው የእንጨት ገጽ ግን የሚቀንሰው ወደ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሊትር ወይን የሚያገኘው የእንጨት ገጽ በትልቁ በርሜል ከሚያገኘው እጥፍ ይሆናል። ልኩ እንደ ገና በግማሽ ቢቀነስ፥ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ በምትይዘው መጫወቻ መሰል በርሜል ውስጥ፥ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ትርፍ የእንጨት ጣዕም ነው። የኦክ ሳንቃ በርሜል ሆኖ ሲታጠፍ ውስጡ በእሳት ይለበለባል፤ ከተለበለበው እንጨት የቫኒላ፥ የቅመምና የጭስ መዓዛ፥ ምላስን የሚያስር ታኒንም ወደ ወይኑ ይገባል። በትንሽ በርሜል ይህ በጥቂት ሳምንታት ይፈጸማል። ዕድሜ ግን ሌላ ነገር ነው። ወይን በበርሜል ሲያረጅ በእንጨቱ ቀዳዳና በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ በኩል የሚገባውን እጅግ ጥቂት አየር እየተቀበለ፥ ሻካራው እየለዘበ፥ ዝቃጩ እየወረደ ይጠራል። ይህ የወራት ሥራ ነው። በትንሹ በርሜል ውስጥ ሁለቱ ነገሮች እኩል አይራመዱም፤ ወይኑ ገና ልጅ ሳለ እንጨቱ ይቀድመዋል። ባለቤቱ እንጨቱን ፈርቶ ቶሎ ቢቀዳው ወይኑ ጥሬ ነው፤ እስኪበስል ቢጠብቅ ደግሞ የሚጠጣው እንጨት ነው። ስለዚህ «ቶሎ ያስረጃል» ከማለት «ቶሎ እንጨት እንጨት ያሰኛል» ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

ይህ ጉድለት መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም። በርሜሉ ሦስት አራት ጊዜ ወይን ከተፈራረቀበት በኋላ የሚሰጠው ጣዕም ያልቃል። የስጦታው ባለቤት በዚህን ጊዜ «አረጀ» ብሎ አበባ ይተክልበታል። ጠንቃቃው ሠሪ ግን በርሜሉ ዕቃ የሆነው ገና አሁን መሆኑን ያውቃል፤ ከእንግዲህ ቅመም መሆኑ ቀርቶ ወይኑን ቀስ ብሎ የሚያስተነፍስ ማደሪያ ይሆናል። እዚያ ዕድሜ ላይ የሚደርሰው ግን እስከዚያ ድረስ በጤና የተጠበቀ በርሜል ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ሁሉ ወደ አያያዝ ይዞራል።

ከማሟሸት እስከ ማጠን

በአማርኛ አዲስ ምጣድ፥ አዲስ ጀበና፥ አዲስ ጋን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሟሻል። አዲስ በርሜልም እንዲሁ መሟሸት አለበት። በርሜል በሙጫም ሆነ በሚስማር አልተያያዘም፤ ሳንቃዎቹን ያገናኛቸው የቀለበቱ ጭነትና የእንጨቱ እብጠት ብቻ ነው። ደርቆ የሰነበተ በርሜል ስለዚህ ያፈሳል። ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት፥ ቀጥሎም በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ሲቀመጥ እንጨቱ ጠጥቶ ያብጣል፤ ማፍሰሱም ያቆማል። ውሃው ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ግን ራሱ ይሸታል፤ የሸተተ ውሃ ደግሞ ሽታውን ለእንጨቱ ያወርሳል። አፍሶ እንደ ሆነ ውሃውን ለውጦ መሞከር እንጂ ያንኑ ውሃ ማክረም አይገባም።

ወይን ከገባ በኋላ ሁለተኛው ግዴታ ይከተላል። እንጨት ይጠጣል፤ አየርም በበኩሉ ይወስዳል። ከ225 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ቢጎድል የጎደለው ከ450 እጅ አንድ እጅ ነው፤ ከ20 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ቢጎድል ግን ከ40 እጅ አንድ እጅ ነው። የጎደለው ቦታ አየር ይሞላዋል፤ አየር ባለበት ደግሞ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ይነቃሉ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የወይን ጥናቱ የወይን መበላሸት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ሥራ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህም ድል የሚያደርጉት በጎደለ ዕቃ ነው። ስለዚህ ትንሽ በርሜል ያለው ሰው ከዚያው ወይን በጠርሙስ ለይቶ ማስቀመጥ፥ በየሳምንቱ ወይም ቢዘገይ በየሁለት ሳምንቱ በርሜሉን ከፍቶ እስከ አፉ መሙላት አለበት። ጠርሙሱ ያለቀበት ሰው በርሜሉን ሊያጎድል ሳይሆን ወይኑን ወደ ጠርሙስ ሊገለብጥ ይገባዋል።

የአየሩ ጠባይም ይቈጠራል። እርጥበት በበዛበት ምድር ቤት ከውሃው ይልቅ አልኮሉ ይተናል፤ በደረቅ ክፍል ደግሞ ውሃው ይበልጥ ይሄዳል። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ያለ በርሜል በበጋው ድርቀት ሳንቃው ይሸሻል፤ በክረምቱ ደግሞ ውጭውን ሻጋታ ያለብሰዋል። ለእንዲህ ያለ ስፍራ የሚጻፍ መመሪያ በጭጋጋማ የአውሮፓ ምድር ቤት ከተጻፈው ሊለይ ይገባዋል፤ ያንን እንዳለ መከተል በጥቅምት የሐምሌን ጃንጥላ እንደ መዘርጋት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ፈተና በርሜሉ ከተቀዳ በኋላ ይመጣል። ወይን የነበረበት ባዶ በርሜል በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ባዶ አለማድረግ ነው፤ አንዱ ወይን በወጣበት ቀን በርሜሉ ይታጠባል፥ ሌላው ወይን ይገባል። ይህ ካልተቻለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በእርጥብ ማቆየት ነው፤ በያንዳንዱ ሊትር ውሃ 1 ግራም ሲትሪክ አሲድና 2 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት በጥብጦ በርሜሉን መሙላት፥ ለ20 ሊትር በርሜል 20 ግራምና 40 ግራም ማለት ነው። ውሃው ሲጎድል ይሞላል፤ ሰልፋይቱ ስለሚደክም በየጊዜው ይታደሳል፤ ወይን ከመግባቱ በፊት በርሜሉ በሚገባ ይለቀለቃል። ይህ መንገድ ለአሮጌ በርሜል ይስማማል እንጂ ለአዲስ አይስማማም፤ የአዲሱን እንጨት ጣዕም ባለቤቱ ሳይቀምሰው ውሃው ጠጥቶት ይደፋልና።

ሁለተኛው መንገድ ድኝ ማጠን ነው። በርሜሉ ታጥቦ፥ ተገልብጦ ተንጠፍጥፎ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ድኝ በሽቦ ተንጠልጥሎ ውስጡ ይነዳል፤ አፉም ይደፈናል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የቀለጠው ድኝ ወደ በርሜሉ እንዳይንጠባጠብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከተንጠባጠበ የሚቀጥለው ወይን የተበላሸ እንቍላል ይሸታል። ጭሱ ሳንባን ስለሚያፍን ሥራው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ መሆን አለበት። አረቄ ወይም ሌላ ብርቱ መጠጥ የነበረበት በርሜል ውስጥ ግን እሳት ማስገባት አደጋ ነው፤ በውስጡ የቀረው የአልኮል ትነት ሊቀጣጠል ይችላል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ አንድ ክልከላ አለ፤ በረኪና። ለልብስና ለወለል ማጽጃ የሚሆነው ይህ ፈሳሽ ለበርሜል ጠላት ነው። በውስጡ ያለው ክሎሪን ከእንጨቱ ጋር ሲዋሐድ፥ ሻጋታም ሲጨመርበት፥ ወይንን ረጥቦ እንደ ተቀመጠ ካርቶን የሚያሸት ቅመም ይፈጠራል። የስዊስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ይህንኑ ቅመም የተበላሸ ቡሽ ሽታ ዋነኛ መንሥኤ መሆኑን ለይተው አውጥተዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ቢሊዮንኛ ግራም ብቻ ቢኖር አፍንጫ ያውቀዋል። ንጽሕናን ከበረኪና ሽታ ጋር አንድ አድርጎ ለሚያይ ቤት ይህ ለመቀበል የሚከብድ ትምህርት ነው።

አንዳንድ ጥፋት ደግሞ አይታጠብም። ዴንማርካዊው ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ከእንግሊዝ ቢራ ለይቶ ብሬታኖማይሲስ ብሎ የሰየመው እርሾ ከእንጨቱ ገጽ ብዙ ሚሊ ሜትር ዘልቆ ይኖራል፤ ወይኑንም የፈረስ ጋጣ ወይም የቁስል ማሰሪያ ያስመስለዋል። ሙቅ ውሃና እንፋሎት ያዳክሙታል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፉትም። የኮመጠጠ በርሜልም እንዲሁ ነው። ለኮመጠጠው የሚበጀው ፍርድ ኮምጣጤ መሥሪያ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛ ወይን እንዲነካው ግን አይፈቀድም። በ20ኛው ምእተ ዓመት የቦርዶ ወይን ባለሙያዎች ግንባር ቀደም የነበረው ኤሚል ፔይኖ (1912–2004) ከታገለላቸው ነገሮች አንዱ የዕቃ ንጽሕና ነበር፤ ያረጀና የታመመ በርሜልን «የአባቶች ቅርስ ነው» ብሎ ማክበር ወይንን መግደል መሆኑን ለባለ ርስቶች ማስረዳት ነበረበት። እንግዲህ ዕቃን መጠበቅ ሲባል ዕቃን ማሰናበትንም ይጨምራል።

የማይታየው በርሜል

ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1846 ባሳተመው በአሞንቲላዶ በርሜል ስም በሚጠራው አጭር ልቦለዱ፥ በቀለኛው ሞንትሬሶር የወይን ዐዋቂነቱ የሚያኮራውን ፎርቱናቶን «ብርቅ ወይን አግኝቻለሁ፤ እውነተኛ መሆኑን ግን ተጠራጥሬአለሁ» እያለ ወደ ምድር ቤቱ ጥልቅ ይወስደዋል፤ በዚያም በግንብ ውስጥ ሕያው ሳለ ይቀብረዋል። ታሪኩ በበርሜል ስም ይጠራ እንጂ በርሜሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይታይም። ሰውዬውን ወደ ሞት የወሰደው ዕቃው ሳይሆን የዕቃው ስም ነው።

የፖ ምርጫ ለዚህ ጉዳይ ሌላም ትርጉም አለው። አሞንቲላዶ የስፔን የኼሬዝ ወይን ሲሆን፥ የሚሠራው እስካሁን የተነገረውን ሕግ በመተላለፍ ነው። በኼሬዝ 600 ሊትር የሚይዘው በርሜል ሆን ተብሎ ይጎድላል፤ የሚሞላው እስከ 500 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። በጎደለው ቦታ «ፍሎር» የተባለ የእርሾ መጋረጃ በወይኑ ገጽ ላይ ይዘረጋል፤ ወይኑንም ከአየር ይጋርደዋል። መጋረጃው ሲሞት ወይኑ ከአየር ጋር ፊት ለፊት ይገናኝና አሞንቲላዶ ይሆናል። «በርሜል ምንጊዜም ሙሉ ይሁን» የሚለው ትእዛዝ ስለዚህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ለአንድ ዓይነት ወይን የተመረጠ ሥርዓት ነው። ልዩነቱ የኼሬዝ ሠሪ የሚያጎድለው ዐውቆ፥ ልኩን ወስኖ፥ የወይኑንም የአልኮል ብርታት አዘጋጅቶ መሆኑ ነው። የቤት ሠሪው በርሜል ግን የሚጎድለው ስለ ተረሳ ነው። ሁለቱም ጎደሎ በርሜሎች ናቸው፤ አንዱ ጥበብ፥ ሌላው ቸልታ።

ኦክ ቅመም ሲሆን

ትንሹ በርሜል በቤት ውስጥ የተፈለገው ወይን «ኦክ ኦክ» እንዲል የሚጠብቅ ዘመን ስለ መጣ ነው። ዮናታን ኖሲተር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው «ሞንዶቪኖ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም የዓለም ወይን በአዲስ ኦክ ጣዕምና በጥቂት ሰዎች ምላስ እየተመሳሰለ መሄዱን ከስሷል። ፊልሙ አንዱን ወገን ጻድቅ፥ ሌላውን ኃጥእ አድርጎ መሣሉ ይተቻል፤ ያነሣው ጥያቄ ግን አልሞተም። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓ ኅብረት የኦክ ፍቅፋቂ በወይን ውስጥ መጨመርን ፈቀደ። በዚህም ጣዕሙ ከዕቃው ተለየ፤ በርሜል ሳይኖር የበርሜል ጣዕም ይገኝ ጀመር።

ይህ ፈቃድ ለቤት ሠሪው ጉዳት ይሁን ጥቅም? መልሱ የሚፈልገውን ከማወቁ ላይ ይወሰናል። የኦክ መዓዛ ብቻ ከሆነ ፍላጎቱ፥ በመስታወት ማሰሮ ውስጥ የሚገባ ጥቂት የኦክ ቁራጭ ከትንሽ በርሜል ይልቅ ርካሽ ነው፤ ሲበቃ ይወጣል፤ አያፈስም፤ አይሻግትም። በሐቀኝነት ከተመዘነ ብዙ ሰው በርሜል ከመግዛት ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል። በርሜል የሚገባው በየሳምንቱ ሊጎበኘው፥ ሊሞላው፥ ሊያጥበው፥ ሊያጥነው ለሚፈቅድ ሰው ነው። በርሜል ጣዕም የሚገዛበት ዕቃ ሳይሆን ቋሚ ግዴታ የሚገባበት ዕቃ ነው።

የጋን ትምህርት

ይህ ሁሉ ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ እንግዳ ትምህርት መስሎ መታየት የለበትም። ኦክ ከሰሐራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ አይደለም፤ በብዙ ቋንቋዎች ኦክ ተብሎ የተተረጎመው የአብርሃም የመምሬ ዛፍ እንኳ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የአድባር ዛፍ» ተብሏል። ዛፉ ይጥፋ እንጂ ሥራው አልጠፋም። በኢትዮጵያ ጠላና ጠጅ የሚጣልበት ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ግራዋው መራራ ነው፤ ያጸዳል። የወይራው ጭስ ደግሞ በሸክላው ቀዳዳ ገብቶ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሚያበላሸውን ያርቃል፥ ለመጠጡም መዓዛ ይሰጣል።

በኬንያ የካሌንጂን ሕዝብ ሙርሲክ የተባለውን እርጎ የሚያዘጋጅበትን «ሶቴት» የተባለ ቅል «ሴኔትዌት» ከተባለ ዛፍ በተገኘ ፍም ውስጡን እየፈተገ ያሰናዳዋል፤ ከውድድር አሸንፈው ለሚመለሱ ሯጮች በአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀርበው መጠጥ አመድማ መልኩን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። የቦረና ከብት አርቢዎችም የወተት ዕቃቸውን ያጥናሉ። ከጋኑ እስከ ቅሉ ድረስ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ዕቃው ራሱ ከሠሪዎቹ አንዱ ነው።

በዚህ መስታወት ሲታይ የኦክ በርሜል ልማድ አንድ ነገር ከፋፍሎ እንደያዘ ይታወቃል። እዚያ ንጽሕናው የድኝ ነው፥ ጣዕሙ የእንጨቱ ነው፤ ድኙ ጣዕም እንዳይሰጥ ይፈራል፥ የእንጨቱም ጣዕም በሦስት አራት ዙር ያልቃል። በጋኑ ግን ጽዳቱና ጣዕሙ በአንድ ጭስ ይመጣሉ፤ በየጥንስሱም ይታደሳሉ። ጋን አርጅቶ ጣዕሙ አያልቅበትም፤ ጣዕሙ በሸክላው ውስጥ የተከማቸ ሀብት ሳይሆን በያንዳንዱ ጊዜ የሚደገም ሥራ ነውና። ጉድለቱም በዚያው ልክ ነው፤ ያላጠነችው እጅ በመጠጡ ላይ ወዲያው ትታወቃለች።

ጠጅን በትንሽ የኦክ በርሜል ማስቀመጥ ለሚያስቡ፥ በተለይም በርሜሉ በቀላሉ በሚገኝበት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ሰዎች፥ ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ጥንቃቄ ነው። ጠጅ ቀድሞውኑ የጌሾ ምሬት አለው፤ የአዲስ ኦክ ታኒን ሲጨመርበት ማሩ ይዋጣል። ያልተፈላ ጣፋጭነት የቀረበት ጠጅ ደግሞ በእንጨቱ ቀዳዳ ለተደበቀ እርሾ ቀለብ ነው። ብዙ ወይን ያለፈበት ጤነኛ በርሜል፥ አምቡላው በሚገባ የወረደለት ደረቅ ጠጅ፥ ለመሙያ የተለየ ጠርሙስ፤ እነዚህ ሦስቱ ካሉ ሙከራው ክብር አለው። ከሌሉ ግን ብርሌውም በርሜሉም ያፍራሉ።

የሚቀረው ጥያቄ

በከተማ ጋኑን የተካው የኦክ በርሜል አይደለም፤ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ይህንን በቁጭት ብቻ ማየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጋን ከባድ ነው፤ ይሰበራል። ማጠቡና ማጠኑ ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር፤ ጭሱን የጠጣው ዓይናቸው፥ የጎበጠው ወገባቸው ነው። ጠጁ ሲመሰገን የሚመሰገነው ግን ማሩና የቤቱ ጌታ ነበር። ፕላስቲኩ ይህን ሸክም አቅልሏል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ፕላስቲክ አይሟሽም፤ ጭስ አይጠጣም፤ ከጥንስስ ወደ ጥንስስ የሚያስተላልፈው መዓዛ የለውም። ሸክሙ ሲወርድ ዕውቀቱም አብሮ ወርዷል።

የዓለም ወይን ጠጪ በርሜልን የሚያከብረው በርሜሉ ከጋን ስለሚበልጥ አይደለም። ስለ በርሜል ብዙ ስለ ተጻፈ ነው፤ የእንጨቱ ደን፥ የማድረቂያው ዘመን፥ የልብለባው መጠን፥ የአሞላሉ ቀን ሁሉ ስምና መዝገብ አለው። የጆርጂያ ሰዎች በምድር ቀብረው ወይን የሚጠምቁበት «ክቬቭሪ» የተባለው ጋን የአሠራር ጥበቡ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ሸክላ ከእንጨት ስለ በለጠ ሳይሆን፥ ባለቤቶቹ ሸክላቸውን እንዴት እንደሚሠሩና እንደሚያጥቡ ለመናገር ስላላፈሩ ነው። የግራዋውን ልክ፥ የወይራውን ዕድሜ፥ ጋን ስንት ጊዜ እንደሚታጠንና መቼ ወደ ሌላ ሥራ እንደሚዛወር የሚያውቁ እናቶች ግን የጋን ውስጥ መብራት ሆነው ቀርተዋል።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል። ትልቁ ዕቃ የሚቆመው ማንም ልብ በማይለው ትንሽ ነገር ነው ማለት ነው። የትንሹ በርሜል ጠጠር በሰኞ ማታ የምትጨመረው አንድ ብርጭቆ ወይንና በወሩ የምትነደው ቁራጭ ድኝ ናት፤ የጋኑ ጠጠር እፍኝ ግራዋና አንድ የወይራ ጉማጅ ነው። በርሜል ለመግዛት የተነሣ ሰው መጠየቅ ያለበት «ስንት ሊትር ይይዛል?» ሳይሆን «ባዶ ሲሆን ማን ይጠብቀዋል?» የሚለውን ነው። ጋኑን ጥሎ ፕላስቲክ የገዛውም ቤት ይኸው ጥያቄ አይቀርለትም፤ ጋኑ ባዶውን ጥግ ተቀምጦ ሳለ፥ እንዴት ይታጠብና ይታጠን እንደ ነበር የምታውቀዋን ሴት የሚጠይቃት ማን ነው?